ደጋሚና ሰይፈኛ በአንድ ዙር

አዲስ ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሰይፍ ይበልጣል ወይስ ድግምት?» ብሎ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ ግን ሁለቱን የሚያፎካክራቸው ከጉልበት ይልቅ በጊዜ ነው። አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ያለችው አንዲት ዋና አክሽን ናት፤ ወይ ይመቱባታል፣ ወይ ይደግሙባታል።

የጨዋታው ጣዕም ያለው ድግምቱ ከተደገመ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ቆይታ ያላቸው ድግምቶች ኮንሰንትሬሽን ይፈልጋሉ፤ ደጋሚው በተመታ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፣ ካላለፈ ድግምቱ ይቋረጣል። ማምጣት ያለበት 10ን ወይም የጉዳቱን ግማሽ ነው፣ ከሁለቱ የበለጠውን። 18 የሚጎዳ አንድ ከባድ ምት ግማሹ 9 ስለሆነ ልኩ ያው 10 ነው፤ 2 ተጨማሪ ያለው ደጋሚ የማለፍ ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ያው 18 ስድስት ስድስት ሆኖ በሦስት ምት ቢመጣ ግን ሦስት ጊዜ ይጥላል፤ ሦስቱንም የማለፍ ዕድሉ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ደጋሚን የሚያስጨንቀው እንግዲህ ባለ ትልቁ መጥረቢያ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ የሚወጋው ነው።

የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ በማዕበል በሚናወጥ መርከብ ላይ ያለን ደጋሚ ሞገድ ቢመታው የጨዋታው መሪ ልኩ 10 የሆነ ዳይስ እንዲያስጥለው ይፈቅዳል። ለባሕር ዳር ልጅ ይህች መስመር ወርቅ ናት። በምመራው ጨዋታ ከዘጌ ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ሐይቁን የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው፤ መቀመጫው እርጥብ፣ ጠርዙ ዝቅተኛ። ነፋስ ከተነሣ በየዙሩ አስጥላለሁ። ጉማሬ ብቅ ካለ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

በ2014ቱ ሕግ ሰይፍንም ድግምትንም የያዘው ፓላዲን ጠላቱን ከመታ በኋላ የሚጨምረው ዲቫይን ስማይት ድግምት አልነበረም። በ2024ቱ ግን ድግምት ሆነ፤ ቦነስ አክሽን ይወስዳል፣ በቃልም ይባላል። ስለዚህ በሳይለንስ ውስጥ አይሠራም፣ በካውንተርስፔል ሊከሽፍ ይችላል፣ ሬጅ ውስጥ የገባ ባርባሪያንም አይደግመውም። ፓላዲን የሚወዱ ጓደኞቼ አኩርፈዋል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ቀድሞ ተቃራኒው ወገን ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ጊዜ ግን ከውጊያው በፊትም ሊከፈል ይችላል። በድሮው የአገራችን የሰንጠረዥ ጨዋታ ወረራ የሚባል መክፈቻ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደፈቀዱ ያሰልፋሉ። ክታብን ለጨዋታዬ ስቀርጽ ያሰብኩት ይህንን ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ይለካል፣ የክርስትና ስሙን ይጽፍበታል፤ ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል። ጊዜው ከውጊያው በፊት የተከፈለ ነውና አክሽን አልጠይቅበትም። በቀን አንዴ የወደቀ የኮንሰንትሬሽን ዳይስ እንደገና ያስጥላል። ዋጋውን ያስቀመጥኩት ሌላ ቦታ ነው፤ ሕጉ አንድ ሰው ከሦስት በላይ አስማታዊ ዕቃ ጋር እንዲቆራኝ አይፈቅድም፣ ክታቡም ከሦስቱ አንዱን ይይዛል። ስሙ ያልተጻፈበት ሰው ቢያስረው ብራና ብቻ ነው። ባለቤቱ ከታንኳው ሐይቁ ውስጥ ቢወድቅስ ብለው ተጫዋቾቼ ይከራከሩኛል፤ ቆዳው የተሰፋው ለዚያ ነው ብዬ ፈርጃለሁ።