የተከተቡትን ብቻ መቁጠር ይበቃልን?

በትምህርት ቤቶቻችንና በኮሌጅ ግቢዎች የክትባት ዘመቻ በተካሄደ ቁጥር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ተለጥፎ እናያለን። ቁጥሩ ከመቶ ዘጠና በላይ ከሆነ ደስ ብሎን እናልፋለን። ነገር ግን ተማሪዎቻችንን «መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም አሳዩ» የምንል መምህራን፣ ይህ ቁጥር እንዴት እንደ ተገኘ አለመጠየቃችን ያስወቅሰናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዘመቻውን ለማጣጣል ሳይሆን የግምገማውን ዘዴ ለመሔስ ነው።

የክትባት ጥቅም አያከራክርም። ለዘመናት ሕዝብ ሲፈጅ የኖረው ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻ በሽተኛም በ1977 በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ ተገኝቷል። ይህ ድል የተገኘው ግን የተከተቡትን በመቁጠር ብቻ አልነበረም። በሽተኛውን በየጎጡ ፈልጎ በማግኘትና በዙሪያው ያሉትን በመከተብ ጭምር ነበር እንጂ።

የቅርቡን ምሳሌ እንውሰድ። ኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ስትጀምር፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሆነ ልጃገረዶችን በአብዛኛው በትምህርት ቤት በኩል ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያድንም፤ ስለዚህ በጊዜው ያልደረሳት ልጅ ጉዳቷ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ በአንድ ሠፈር ዕድሜያቸው 14 የሆነ 120 ልጃገረዶች አሉ እንበል። በክትባቱ ዕለት 90ዎቹ ትምህርት ቤት ተገኝተው ሁሉም ቢከተቡ፣ «መቶ በመቶ» ተብሎ ሪፖርት ሊደረግ ይችላል። እውነተኛው ግን ከመቶ 75 ነው። የቀሩት 30 እነማን ናቸው? ውኃ ልትቀዳ የቀረችው፣ ትምህርት ያቋረጠችው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ናት። ይኸውም ከሁሉ ይልቅ ሐኪም ቤት የመድረስ ዕድል የሌላት ማለት ነው።

በመጀመሪያው አሠራር ክትባቱ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ታኅሣሥ የተጀመረው ሰኔ ላይ ይውላል፤ ሰኔ ደግሞ የፈተናና የትምህርት መዝጊያ ወር ነው። በምሳሌያችን ለሁለተኛው ዙር 72 ብቻ ቢመለሱ፣ የተሟላ ክትባት ያገኙት ከመቶ 60 ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜ መከተብም ሊበቃ እንደሚችል ማሳወቁ ይህን ችግር ያቃልላል፤ የቀረችውን ልጅ ግን አያመጣትም።

በኮሌጅ ግቢ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ተማሪው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የክትባት ካርዱ ቤቱ ቀርቷል፤ በአንድ መኝታ ክፍል ብዙ ሆኖ ያድራል። እንደ ማጅራት ገትር ያለ በሽታ በእንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ ይተላለፋል። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በሽታው ከተሠራጨ በኋላ የመጣ ዘመቻ ቁጥሩ ቢያምርም ዘግይቷል። የግቢው አማካይ ከመቶ 90 ቢሆንም፣ ያልተከተቡት በአንድ ሕንፃ ተሰብስበው ከሆነ አማካዩ ያታልላል።

ሂሱ እኛንም ይመለከታል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ በየክፍሉ ሲናፈስ፣ «ይህ የጤና ሠራተኛ ጉዳይ ነው» ብለን ዝም የምንል አለን። ተማሪዋን በተራ አሰልፎ ለምን እንደምትከተብ ሳይነግሩ መመለስ ማስተማር አይደለም። የፈራችና የጠየቀች ልጅም እንደ አጥፊ መቆጠር የለባትም።

ስለዚህ ወደ ፊት ዘመቻ ሲጠናቀቅ አራት ጥያቄ እንድናነሣ እናሳስባለን። መከተብ የነበረባቸው በጠቅላላ ስንት ናቸው? የቀሩት እነማን ናቸው፣ ለምንስ ቀሩ? ጊዜው ተስማሚ ነበርን? ተከታቢው የሚከተበውን ዐውቆታልን? የሒሳብ መምህራንም ይህን ስሌት ለክፍል ሥራ ቢያውሉት ተማሪው ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው ማየት ይለምዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው፤ የቀሩትን የደበቀ ሪፖርትም እንዲሁ ነው።