ማይክሮፎን ያልደረሰው ዘማች፦ የአሜሪካ የስፖርት ስርጭትና የጦር ሜዳ ውለታ

በአሜሪካ ስታዲየሞች ለዘማቾች የሚደረገው ምስጋና ቅርጹ የታወቀ ነው። ጨዋታው ለአፍታ ይቆማል፤ የሜዳው አስተዋዋቂ አንድ ስም ከነማዕረጉ ይጠራል፤ ካሜራው የክለቡን ማሊያ በወታደር ሱሪ ላይ ያጠለቀ ሰው ላይ ያርፋል። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ እጁን ያነሣል፤ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ኮሜንታተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አገልግሎቱ ያመሰግነዋል፤ ወዲያው ማስታወቂያ ይገባል፣ ወይም ኳሱ ይቀጥላል። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በዚህች ደቂቃ አስተዋዋቂው ይናገራል፣ ኮሜንታተሩ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፤ አንድም ቃል የማይተነፍሰው የሚመሰገነው ሰው ብቻ ነው። የዘመተበት አገር አንዳንዴ ይጠቀሳል። ለምን እንደ ዘመተ፣ እዚያ ምን እንዳየ፣ ሲመለስ ምን እንደ ጠበቀው አይነሣም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚህ ቅርጽ ጋር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልማዱ ተቺዎች ቀድመው የሚያነሡት ገንዘቡን ነው፤ በቂ ምክንያትም አላቸው። የአሪዞና ሴናተሮች ጆን ማኬይንና ጄፍ ፍሌክ በኖቬምበር 2015 ያወጡት ሪፖርት፣ ፔንታጎን ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ያለ የምስጋና ሥነ ሥርዓት ለተካተተባቸው ውሎች 6.8 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን አጋለጠ። ሜዳውን የሚሸፍን ባንዲራ መዘርጋት፣ የምልምሎች ቃለ መሐላ፣ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ቤተሰቡን ድንገት የሚያገኝበት ትዕይንት ሳይቀር በውል ሰፍሮ ነበር። የዊስኮንሲን ብሔራዊ ዘብ ለሚልዋኪ ብሩወርስ የቤዝቦል ክለብ 49,000 ዶላር የከፈለው፣ በእሑድ ጨዋታዎች ላይ ለሚዘመር የአገር ፍቅር መዝሙር ስፖንሰር ለመሆን ነው። በመቀመጫው ሆኖ እንባውን የሚጠርገው ተመልካች ይህን አያውቅም ነበር፤ ክለቡ ከልቡ ያደረገው ይመስለው ነበር። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በቀጣዩ ዓመት ሒሳቡን አስመርምሮ 723,734 ዶላር ለመንግሥት መለሰ። ጉዳዩን ከመረመሩት ሁለቱ አንዱ፣ ማኬይን፣ በቬትናም ከአምስት ዓመት በላይ በምርኮ የማቀቀ የባሕር ኃይል አብራሪ እንደነበረ ልብ ይሏል። ወታደሩን ከሚያመሰግኑት ይልቅ የምስጋናውን ደረሰኝ የጠየቀው ወታደር የነበረው ሰው ነው።

ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ግን ቅርጹ እንደነበረ ቀጠለ፤ ሰውየውም ዛሬ ድረስ ኮፍያውን አውልቆ ዝም ይላል። ስለዚህ የገንዘቡን ክርክር እዚህ ላይ ትቼ ወደ ሥርጭቱ አልፋለሁ።

ዛሬ የምናየው ቅርጽ ጎልቶ የወጣው በጃንዋሪ 27 ቀን 1991 በታምፓ፣ ፍሎሪዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከተጀመረ ገና አሥር ቀኑ ነበር። ዊትኒ ሂውስተን በፉትቦል ሊጉ ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውል መክፈቻ የዘመረችው ብሔራዊ መዝሙር እስከ ዛሬ ይወሳል፤ ተመልካቹ የሰማው ድምፅ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። የዚያን ምሽት ስርጭት አንድ ነገር ግን ከኋለኞቹ ይለየዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤቢሲ በእረፍት ሰዓት የሙዚቃ ትርኢቱን ወደ ጎን ብሎ የዜና አቅራቢውን የፒተር ጄኒንግስን የጦርነት ዜና አስተላለፈ፤ ተመልካቹም ከመዝሙሩ በኋላ ጦርነቱን በስሙ ሰማ። በኋላ ላይ ዜናው ቀርቶ መዝሙሩ ብቻ ቀረ። ፎክስ በ2009 የእሑድ ፉትቦል ዝግጅቱን ከአፍጋኒስታኑ የባግራም ጦር ሰፈር አስተላለፈ። የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በ2011 የዘማቾች ቀን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከካርል ቪንሰን የጦር መርከብ ላይ አሳየ፤ መርከቧ የኦሳማ ቢን ላደን አስከሬን ወደ ባሕር የተጣለባት ናት። ከእነዚህ ስፍራዎች የተላለፈው ምስል ያምራል፤ ስለ ጦርነቱ ግን የሚነግረን ነገር የለም።

የዚህ ቅርጽ ጉዳት ፍንትው ብሎ የሚታየው በፓት ቲልማን ታሪክ ነው። ቲልማን የአሪዞና ካርዲናልስ የፉትቦል ክለብ ተከላካይ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ፣ በ2002፣ የቀረበለትን የ3.6 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ ከወንድሙ ከኬቨን ጋር ለውትድርና ተመዘገበ። ስለ ውሳኔው ለጋዜጠኞች መናገር አልፈለገም፤ የስፖርቱ ስርጭት ግን እርሱ ያልተናገረውን ቦታ በራሱ ቃል ሞላው። ኢራቅ ዘመተ፤ ቀጥሎ አፍጋኒስታን። አፕሪል 22 ቀን 2004 በኾስት ግዛት ተገደለ። ሠራዊቱ በጠላት እሳት ወደቀ ብሎ የሲልቨር ስታር ሜዳይ ሸለመው። ሜይ 3 በሳን ሆዜ የጽጌረዳ መናፈሻ የተደረገለትን መታሰቢያ ኢኤስፒኤን በቀጥታ ለመላው አገር አሠራጨ።

በዚያ መድረክ ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ የሆነ ወዳጁ ስለ አሟሟቱ ከሠራዊቱ የተነገረውን ለሕዝቡ አሰማ። ታናሽ ወንድሙ ሪቻርድ ደግሞ ብርጭቆ በእጁ ይዞ ወጣና፣ ሌሎች ተናጋሪዎች ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰማይ ያሉትን በሻካራ አነጋገር ቆርጦ፣ ፓት ሃይማኖተኛ አልነበረም አለ። ብዙዎች ያን ጊዜ በሪቻርድ አፈሩ። ዛሬ ስናየው ግን ከሁለቱ እውነቱን ይዞ የወጣው ሪቻርድ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ሠራዊቱ ቲልማን በወገን ተኩስ የሞተ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጠ። የክፍሉ ባልደረቦች ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር፤ የደንብ ልብሱና የጥይት መከላከያው ተቃጥለዋል። ያ የባሕር ኃይል ወዳጁ በ2007 በኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሳያውቅ ሕዝብ ማሳሳቱን መሰከረ፤ ኬቨንም በዚያው ችሎት ቤተሰቡ እንዴት እንደተታለለ አስረዳ።

ኢኤስፒኤን በሜይ 3 የማያውቀውን ባለመናገሩ አይወቀስም። የሚወቀሰው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። እውነቱ ከታወቀ በኋላም የስፖርቱ ስርጭት የቲልማንን ፎቶ እንደ ቀድሞው ማሳየቱን ሲቀጥል፣ “ማን ገደለው? ማን ደበቀው?” የሚለው ጥያቄ ግን በአብዛኛው ለጋዜጣና ለኮንግረስ ተተወ። ምስጋናው ለጥያቄ የተተወ ቦታ ስለሌለው፣ ሟቹ ማንም የሚያነሣው አርማ ሆነ። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፎቶውን መዝሙሩ ሲዘመር በሚንበረከኩ ተጫዋቾች ላይ መከራከሪያ አድርገው ሲያጋሩት፣ ባለቤቱ ማሪ አገልግሎቱ የፖለቲካ መሣሪያ እንዳይሆን ጠየቀች። ኢኤስፒኤን ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ በስሙ ሽልማት ይሰጣል፤ በ2024 ሽልማቱ ለልዑል ሃሪ ሲሰጥ እናቱ ሜሪ ምርጫውን በአደባባይ ተቃወመች። ሚስቱ ወይም እናቱ ያልተስማሙበት ነገር በስሙ ሲደረግ ይኖራል።

ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነን ጃክ በክ ነው። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የቤዝቦል ድምፅ የነበረው በክ በማርች 1945 ጀርመን ውስጥ በሬማገን ድልድይ አካባቢ ቆስሎ የፐርፕል ኸርት ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ቤዝቦል በተመለሰበት ምሽት፣ በሴፕቴምበር 17 ቀን 2001፣ በፓርኪንሰን ሕመም እጁ እየተንቀጠቀጠ ራሱ የጻፈውን ግጥም በስታዲየሙ አነበበ። በዓመቱ ሳይደርስ ሞተ። ግጥሙ ታላቅ ግጥም ነው አልልም። ግን የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጦርነት ከሩቅ የሰማው ወሬ አይደለም፤ የሚለውም የራሱ ነው። ኮሜንታተሩና ዘማቹ አንድ ሰው በሆኑበት በዚያ ቅጽበት፣ ማይክሮፎኑ ወደሚገባው እጅ ደርሷል።

ለእኛ ወታደርና ስፖርተኛ በአንድ ሰው መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ዛሬም ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ ብለው ከነማዕረጉ ይጠራሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሰውየውን ከሙያው አይነጥለውም። ሆኖም ማሞ በሜክሲኮ 1968 ማራቶን ከማሸነፉ በፊት ኮሪያ ዘምቶ እንደነበር ስንቱ አድማጭ ከስፖርት ፕሮግራም ሰምቷል? የኛም ስርጭት ማዕረጉን ጠርቶ ዘመቻውን ይዘለዋል።

ወደ አሜሪካ ልመለስና በአንድ ምሽት ልቋጭ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ሳን ዲዬጎ ቻርጀርስ በየዓመቱ ለሠራዊቱ ክብር ያዘጋጅ የነበረውን ጨዋታ አደረገ፤ እንግዳው ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ ነበር። የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ ቀደም ሲል የፖሊስን ግፍ በመቃወም መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጦ አገር ምድሩን አነጋግሯል። የልዩ ኃይል ወታደር የነበረና ኋላም ፉትቦል የሞከረው ኔት ቦየር በጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ካፐርኒክም አስጠራው። ከጨዋታው በፊት በሆቴል ተገናኝተው ተነጋገሩ። ቦየር ከመቀመጥ ይልቅ ወታደር በጓዱ መቃብር ፊት እንደሚያደርገው መንበርከኩ ይሻላል አለው። ማታ ካፐርኒክ ተንበረከከ፤ ቦየር ከጎኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ በኋላ የስርጭቱ ክርክር በአብዛኛው መንበርከኩ ዘማቾችን ይንቃል ወይስ አይንቅም በሚለው ላይ ዋለ፤ ሐሳቡ የዘማች መሆኑ ግን በብዙ ስቱዲዮ ተዘነጋ።

በዚህ ዳሰሳ ከተነሡት ምስጋናዎች ሁሉ፣ የሚመሰገነው ዘማች ያሰበውን ተናግሮ የተሰማበትና ሰሚው በተግባር የመለሰለት ይህ የቦየርና የካፐርኒክ ንግግር ብቻ ነው። በዚያ ምሽት የምስጋና መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረም።