አልፈታ ያለ ብሎን፦ ስለ መካኒክ ሙያ ቃላት አሰባሰብና አፈታት የቀረበ ሂስ

«ፈታ» የሚለው ግስ በቋንቋችን ብዙ ሥራ የተሸከመ ግስ ነው። የታሰረ ይፈታል፤ ጋብቻ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ ቅኔ ይፈታል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ቃል ይፈታል። በጋራዥ ደግሞ ብሎን ይፈታል። የዚህ ሂስ ርእሰ ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፍቺዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም አሮጌ መኪና ሲታደስ አልፈታ ስለሚል ብሎን የሚነገሩት ቃላት በሙያ ቃላት ዝርዝሮቻችን ውስጥ እንዴት መያዝ ይገባቸዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ጉዳዩ ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የጎማ ብሎን በተሳሳተ አቅጣጫ ተገፍቶ የተቆረጠበት መኪና በሊማሊሞ ቁልቁለት ሲወርድ፣ የቃል ስሕተት የቃል ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለምሳሌነት የመረጥነው ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አቋርጦ፣ በሊማሊሞ ገደል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ ነው። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ይህ መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለመኪና የተጠረገ ሲሆን፣ የጣልያን የጭነት መኪናዎችና የጣልያንኛ የመካኒክ ቃላት አብረው የተጓዙበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 634 ከነቁጥር ስሙ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ታወቀ። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው የፊያት 682 ዘር ደግሞ «ኤንትሬ» የሚለውን ስም ይዞ የአገራችንን ዳገት ለብዙ ዓመታት ወጥቶ ወርዷል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጫፍ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሌሊቱ ብርድ፣ ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ነው፤ ከገደሉ ሥር ያለው አገር ግን ቆላ ነው። መኪና በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከእርጥበት ወደ አቧራ ይወርዳል። ለዝገት ከዚህ የተመቸ ሁኔታ አይገኝም።

አስቀድመን የስሞቹን ምንጭ እንመልከት። «ብሎን» ከጣልያንኛው ቡሎኔ የመጣ ነው፤ ጣልያንኛውም ራሱ ከፈረንሳይኛ የተዋሰው ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ የመጀመሪያው አናባቢ ወደ ሳድስ ተለወጠ፤ የመጨረሻውም ወደቀ። «ዳዶ» በምንጩ የመጫወቻ ዛር ማለት ሲሆን፣ ማእዘን ያላትን ቁራጭ ብረት በመልኳ ምክንያት የሰየመ ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ግን የመጨረሻ አናባቢውን ጠብቋል። «ካቻቢቴ» ካቻቪቴ ነበር፤ «ቨ» በቋንቋችን ነባር ድምፅ ስላልሆነ «በ» ተተክቶበታል። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ቪቴ» በጣልያንኛ የወይን ሐረግም ስም ነው፤ ጥርሱ እንደ ሐረግ ስለሚጠመዘዝ ነው። «ሮንዴላ»፣ «ፒንሳ»፣ «ሞርሳ»፣ «ቴስታታ»፣ «ባሌስትራ» የተባሉትም በዚሁ መንገድ የገቡ ናቸው። ብሎን መፍቻውን «ቁልፍ» ማለታችን ግን ከዚህ ይለያል፤ ጣልያንኛው «ኪያቬ» እንደ አማርኛው «ቁልፍ» የበሩንም መክፈቻ የመካኒኩንም መሣሪያ ስለሚያመለክት፣ እዚህ ላይ የተዋስነው ድምፁን ሳይሆን ትርጉሙን ነው።

ስሞቹ እንግዶች ሲሆኑ ግሶቹ የአገር ልጆች መሆናቸውን ግን ብዙዎች አያስተውሉም። ከ«ብሎን» የወጣ ግስ የለም። ብሎን ይታሰራል፣ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ይፈታል፣ ይዝጋል፣ ይነክሳል፣ ይቆረጣል። እነዚህ ግሶች ከጣልያን መኪና በፊት የነበሩና ከብረት ሠሪው ቤት እስከ ገመድ ፈታዩ ድረስ ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። መዶሻ፣ መሮ፣ ጉጠት፣ ወናፍ፣ ሞረድ የሚሉት ስሞችም እንዲሁ ነባር ናቸው። በወገራና በስሜን ብረት በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከእጅ ሙያቸው ጋር የተያያዘው የቃል ሀብትም አብሮ ከአካባቢው ርቋል። ያንን ሀብት በወቅቱ አልሰበሰብነውም። የጋራዡ ቃል ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርሰው ያሰጋናል።

አሁን ወደ ሂሳችን እንግባ። የመጀመሪያው ነቀፌታችን በአሰባሰብ ልማዳችን ላይ ነው። የመዝገበ ቃላት ወጋችን የተመሠረተው በግእዝ ሊቃውንት ሥራ ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው፤ ቃላትን በዘር በዘራቸው ሰብስቦ የያዘ በመሆኑ የግሱን እርባታ አሟልቶ ያሳያል። የሙያ ቃላት ዝርዝር ስናዘጋጅ ግን ይህን ወግ ትተን ወደ ሌላው ጫፍ ሄደናል። ዝርዝሮቻችን የዕቃ መጋዘን መዝገብ ይመስላሉ፤ ስም ከስም ቀጥሎ ይደረደራል፤ ግስ ግን እምብዛም አይገኝም። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ ስም አቻ የሚፈልግ ኮሚቴ፣ ግሶቹን የሚጠይቅበት አጋጣሚ የለውም። የሙያው ዕውቀት ያለው ግን በግሶቹ ውስጥ ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ለማያውቅ ሰው «ብሎኑ አልፈታ አለ» አንድ ነገር ነው። ለመካኒክ ግን ቢያንስ አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብሎኑ ጠብቋል ሲባል ያለ መጠን ታስሯል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ረጅም እጀታ ነው፤ ቱቦ በቁልፉ ላይ ይሰካል። ሁለተኛ፣ ዝጓል ሲባል በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ዝገት ሞልቶታል ማለት ነው። ዝገት ከተነሣበት ብረት ይልቅ እጥፍና ከዚያም በላይ ስፍራ ስለሚይዝ እንደ ሽብልቅ ያጣብቃል። እዚህ ላይ ጉልበት ብሎን ይቆርጣል፤ የሚያስፈልገው ዘይት፣ ጊዜ፣ በመዶሻ መምታትና እሳት ነው። ዳዶው 300 ዲግሪ ያህል ቢግል፣ 16 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀዳዳው 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ዝገቱን ሰንጥቆ ዘይት ለማስገባት ግን ይበቃል። ሦስተኛ፣ ነክሷል ሲባል ብረትና ብረት ያለ ዝገት ተፋጭተው ተያይዘዋል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ዘይት እየሰጡ ጥቂት መፍታት፣ ጥቂት መልሶ ማሰር ነው። አራተኛ፣ ራሱ ተበልቷል ሲባል ጥርሱ ደኅና ሆኖ የቁልፍ መያዣ ማእዘኑ ጠፍቷል ማለት ነው፤ በሞረድ አዲስ ገጽ ይወጣለታል፤ ወይም ዳዶ ይበየድበታል። አምስተኛ፣ ተቆርጧል ሲባል ግንዱ ውስጥ ቀርቷል፤ መሰርሰር ይከተላል።

እነዚህን አምስቱን «መጣበቅ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ የሚፈታ ዝርዝር ለተማሪው አንድ መድኃኒት ብቻ ይሰጠዋል፤ ተማሪውም ለአምስቱም ያንኑ ይሞክራል፤ ብዙውን ጊዜ ጉልበት ነው። በተለይ ብሎኑ ከሞተር ሥር ወይም ከባሌስትራው ጀርባ ሆኖ «እጅ አይገባም» በሚባልበት ስፍራ፣ ዐይን የማያየውን ሁኔታ እጅና ጆሮ ይለዩታል። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ልዩነቱን የሚያስተላልፍበት መሣሪያ ቃሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በአፈታት ላይ ነው። «ብሎን፦ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚታሰር፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚፈታ ጥርሳም ብረት» የሚል ፍቺ እናስብ። ፍቺው አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በብዙ ቆየት ያሉ የጭነት መኪናዎች የግራው ወገን የጎማ ብሎኖች ጥርስ ግራ ዙር ነው፤ ጎማው ሲዞር ብሎኑ ራሱን እንዳያላላ የተደረገ ነው። ያንን ፍቺ አምኖ በረጅም ቱቦ ወደ ግራ የሚገፋ ልጅ እየፈታሁ ነው ሲል ያስራል፤ በመጨረሻም ይቆርጣል። የልክ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የጣልያኑ መኪና ልክ በሚሊ ሜትር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት የጀመረው ላንድሮቨር ግን በመጀመሪያ የእንግሊዝን የኢንች ጥርስ ይዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በተስማሙበት የጋራ ጥርስም ቀስ በቀስ ተተክቷል። የቀድሞው የእንግሊዝ ጥርስ ማእዘን 55 ዲግሪ፣ የሚሊ ሜትሩና የጋራው 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱን «ብሎን» ብሎ ብቻ ማለፍ፣ የማይስማማ ቁልፍ ራሱን እንዲበላው መፍቀድ ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታችን ነባር ቃል ይተካ በሚለው ዝንባሌ ላይ ነው። ካቻቢቴን «ጠመንጃ መፍቻ»፣ የብሎን ቁልፍን «መፍቻ» ማለት የሚመርጡ አሉ። «መፍቻ» የአማርኛ ዘር ያለው ቃል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን «መፍቻ» የመሣሪያውን ግማሽ ሥራ ብቻ ይሰይማል፤ የሚፈታው መሣሪያ የሚያስረውም ነው። መካኒኩ «መፍቻውን አምጣና እሰረው» ሲል ሊሰማ የሚችለው ግርታ ቀላል ባይመስለን ደግ ነው። ዘረ አማርኛ መሆን ብቻውን ቃልን ትክክለኛ ስያሜ አያደርገውም።

በሌላ በኩል የእነዚህ ወገኖች ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። ጣልያንኛውን ከባለቤቶቹ አፍ የተማረው ትውልድ አልፏል። ዛሬ በሙያ ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ በመጽሐፉ «ቦልት» እና «ነት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያነባል፤ በጋራዥ «ብሎን» እና «ዳዶ» ይሰማል፤ በዝርዝር ደግሞ ሦስተኛ ቃል ይቀርብለታል። አራተኛ ቃል መጨመር ግን ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። በሕዝቡ አፍ ጸንተው የኖሩት የተውሶ ስሞች ዋና ቃል ሆነው ይመዝገቡ፤ የትምህርት ቤቱ ቃል ወደ እነርሱ ይመራ። ከእያንዳንዱ ስም ሥር አብረውት የሚሄዱት ግሶች ከነአገባባቸውና ከነምሳሌያቸው ይቀመጡ። ፍቺ ሲጻፍ አደጋ ሊያስከትል የሚችለው ልዩነት፣ እንደ ግራ ዙር ጥርስ ያለው፣ ሳይታለፍ ይገለጽ። አዲስ ቃል የሚፈጠረው ጋራዡም ብረት ሠሪውም ስም ለሌለው ነገር ብቻ ይሁን። ሰብሳቢውም ቢሮ ተቀምጦ ከሚጠብቅ ይልቅ ደባርቅና ዳባት ድረስ ሄዶ ሥራው ሲሠራ ያዳምጥ፤ የእኛ ማስታወሻ የሚያሳየውም ግሱ የሚነገረው ሥራው በሚሠራበት ቅጽበት እንጂ ስለ ሥራው በሚጠየቅበት ጊዜ አለመሆኑን ነው።

አማርኛ ብሎንን ከተዋሰ ወዲህ የራሱ አድርጎታል፤ አእምሮው ትንሽ ዘወር ያለበትን ሰው «ብሎኑ የላላ» እስከ ማለት ደርሷል። ተራው ተናጋሪ ይህን ያህል የተቀበለውን ቃል እኛ በር ላይ ማቆማችን አግባብ አይደለም። አሮጌዎቹን መኪናዎች የሚያድሱ እጆች ቁጥራቸው እያነሰ ነው፤ ዝገት የያዘውን ብሎን ዘይት አጠጥተው ማሳደር ያውቃሉ። እነርሱ የሚያውቁትን ለመመዝገብ ግን እኛ ማሳደር አይገባንም።