የአባት ኀዘንና የታሪክ ጸሐፊ ብዕር

ልጁን በጦርነት ያጣ ደራሲ ብዕር ሲያነሣ ወይ ኀዘኑን ይዘረግፋል፥ ወይ ይሸሽገዋል። በአገራችን ልማድ የጀግና ለቅሶ በአደባባይ የሚታይ ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ፥ መሣሪያውና ልብሱ ተይዞ፥ አልቃሽ ሙያውን እየቈጠረች ወላጅ ያለ ኀፍረት ያነባል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ግን በ1923 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የአየርላንድ ዘበኛ ጦር ታሪክ የመሸሸግን መንገድ መረጠ። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የኪፕሊንግ አንድ ወንድ ልጅ ጆን የዓይኑ ብርሃን ደካማ በመሆኑ ሠራዊቱ ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ አባቱ ወዳጁን ሎርድ ሮበርትስን ለምኖ በዚሁ ጦር ውስጥ የመኰንንነት ማዕርግ አሰጠው። ወጣቱም በ1915 በፈረንሳይ ምድር፥ በሎስ ውጊያ፥ ገና በ18 ዓመቱ ጠፋ። ወላጆቹ ከውጊያው የተረፉትን ወታደሮች እየጠየቁ ለዓመታት ቢፈልጉትም አስከሬኑ አልተገኘም። ለጦር መካነ መቃብሮች ሐውልት የሚቀረጸውን ቃል ከመጽሐፈ ሲራክ መርጦ የሰጠው ኪፕሊንግ የገዛ ልጁን መቃብር ሳያውቅ በ1936 ሞተ።

ይህን የሚያውቅ አንባቢ የሎስን ምዕራፍ ሲከፍት የአባት ጩኸት ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን የልጁ ስም ከሌሎች መኰንኖች ጋራ ተደርድሮ፥ ቈስሎ መጥፋቱ በአጭሩ ተነግሮ ነው። ትረካውም ወዲያው ወደ ጦሩ ጉዳይ ይመለሳል።

እኛ ይህን ቍጥብነት የልብ ድርቀት ነው አንልም። በዚያው ገጽ ላይ የሌሎች አባቶች ልጆችም ወድቀዋል። ደራሲው ብዕር ስለ ያዘ ብቻ ለገዛ ልጁ ሰፊውን ስፍራ ቢሰጥ ኖሮ ብዕር የሌለውን ኀዘንተኛ በበደለ ነበር።

ነገር ግን ዝምታው የሚሸፍነውም ነገር አለ። ዓይኑ የደከመ ልጅ በማን ልመና ከዚያ ሜዳ እንደ ደረሰ በዚያ ገጽ አይነገርም። ኪፕሊንግ በ1919 ባወጣቸው አጫጭር የመቃብር ግጥሞች በአንዱ የወጣቶቹን ሞት ከአባቶች ውሸት ጋራ ያያይዘዋል። አንዳንዶች ይህን ራሱን የከሰሰበት ነው ሲሉ፥ ሌሎች አገሪቱን ለጦርነት ሳያሰናዱ የቀሩትን ሹማምንት የወቀሰበት ነው ይላሉ። ደራሲው ጦርነቱን ከመደገፍ እንዳልተመለሰ ስናስብ የኋለኛው ፍች ሚዛን ይደፋል። ሆኖም «ሹማምንት» ማለት ሲችል «አባቶች» ብሏልና፥ ከዚያ ቃል ውስጥ ራሱን ማውጣት አይቻለውም።

ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ላጠገብ አድርገው እንዲያነብቡ እናሳስባለን። ታሪኩ ለሌሎች ሰዎች ልጆች የሚገባቸውን ስፍራ ሰጥቷል፤ ስለ አባትየው ድርሻ የሚጠይቀው ግን ግጥሙ ነው። ታሪኩን ብቻ ያነበበ ሰው የኀዘኑን ግማሽ አንብቧል።