«ጊዜ»፣ «መጠን» እና «ሚ.ግ.»፤ በልጆች የአስም ሕክምና ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

አስም በብርቱ ለተነሣባቸው ልጆች የሚሰጠውን የመድኀኒት ልክ የሚያስረዳ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። አማርኛው በጠቅላላው የሚነበብ ነው፤ «አስም»፣ «ኦክስጅን» እና «ሳልቡታሞል» እንዳሉ መወሰዳቸውንም እንደግፋለን። ቅር ያሰኘን የባዕዱ ቃል ሳይሆን የገዛ ቃላችን አጠቃቀም ነው።

ረቂቁ «ሳልቡታሞል ከ4 እስከ 10 ጊዜ በየ20 ደቂቃው ይሰጥ» ይላል። «ጊና» በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የሚያዝዘው ግን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ በየ20 ደቂቃው፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ4 እስከ 10 ርጭት ነው። የአማርኛው አንባቢ «ጊዜ»ን ከደቂቃው ጋር አያይዞ አንድ ርጭት ይሰጥና 20 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ዐሥረኛው ርጭት የሚደርሰው ከመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ቆይቶ ነው። ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ልጅ ይህን ያህል አይጠብቅም። እንግዲህ የሚቈጠረው ነገር በስሙ ይጠራ፤ «ርጭት» ወይም ባለሙያዎች የለመዱት «ፑፍ» ይባል። «ርጭት» የተባይ ማጥፊያን ያስታውሳል የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ቢያስታውስም አያሳስትም።

ከዚህ የከፋው ምሕፃረ ቃሉ ነው። ሚሊግራም «ሚ.ግ.»፣ ማይክሮግራም «ማ.ግ.» ተብለዋል። በአንድ ፊደል ሣልስና ራብዕ መካከል የሺህ እጥፍ ልዩነት ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በተለመደው መንፊያ አንድ ርጭት 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በኔቡላይዘር ለትንንሾቹ የሚሰጠው 2.5 ሚሊግራም ነው፤ ሁለቱም በረቂቁ በአንድ ገጽ ላይ ተጐራብተዋል። በእጅ ሲገለበጥ ወይም ቅጂው ሲደበዝዝ ማን ይለያቸዋል? ቦታ ቢፈጅም ሙሉው ቃል ይጻፍ።

«መጠን» ደግሞ የአንድ ጊዜውን ልክም፣ የቀኑን ድምርም፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንም እንዲገልጽ ተገድዷል። ስለ ፕሬድኒሶሎን «መጠኑ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ ከፍተኛ መጠን 40» የሚለውን እንይ። አርባው በኪሎ ነው? በቀን ነው? ወይስ በአንድ ጊዜ? 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በላይኛው ስሌት 50 ሚሊግራም ይደርሰዋል፤ መመሪያው ግን በቀን ከ40 እንዳያልፍ ያግዳል። «በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፤ የቀኑ ድምር ቢበዛ 40 ሚሊግራም» ቢባል ጥያቄው ይቀራል። «ስፍር» የሚል አቻ ያቀረቡም ነበሩ፤ ለእህል ይመቻል፣ ለዚህ አይመቸንም።

«አጣዳፊ» የሕመሙን ድንገተኛነት እንጂ ብርታቱን አይነግርም። ልኩ የሚወሰነው በብርታቱ ስለሆነ፣ በርእሱም በሠንጠረዡም «ብርቱ» በሚለው ይተካ።