ግብርና ክብር፦ የገበሬዎቹ አመጽ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ብዙ ተብሎበታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር እንደ ዋና ታሪክ፣ በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች አመጽ ደግሞ እንደ ቅጥያ ይታያል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው የሁለቱ ሥር አንድ መሆኑን ነው።

ገበሬዎቹ የሚነሡት ድሆች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ድህነቱማ የኖረ ነው። የሚያምጹት ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ሲጠይቋቸው ነው። ፊታውራሪው ለምን ጨምረው ጠየቁ? እምቢታውንስ ችለው ማለፍ ሲችሉ ለምን ዘምተው ተማረኩ? በእኔ አስተያየት መልሱ ክብር ነው። ክብር ወጪ አለው። ገበሬው ለጌታው የሚያገባውም ሆነ ጌታው ለጭፍራው የሚያበላው በቋንቋችን «ግብር» መባሉ እንዲያው አይመስለኝም፤ አንዱ ከሌላው ይቀዳልና። ሰብለን ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፍቶ ከቤት ያስቀራትም ይኸው ክብር ነው። እንግዲህ አመጹን ከፍቅሩ ነጥሎ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም በግማሽ ያነባል።

መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም እውነተኛ አመጽ አስነሣ። የጎጃም ባለርስት፣ ከምርቱ እስከ እኩሌታ ለባለመሬት ያስረክብ ከነበረው የደቡብ ጭሰኛ የተሻለ ይዞታ ነበረው። ነገር ግን ግብሩ መሬት ለመለካት፣ ልኬቱም ርስት ለመንጠቅ ነው የሚል ሥጋት መሣሪያ አስነሣው። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከቦታቸው አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ። ልቦለዱ ትንቢት ነበር ማለቴ አይደለም። ደራሲው ጎጃም ተወልደው ያደጉ እንደመሆናቸው፣ የገበሬው ትዕግሥት የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር ማለቴ ነው።

ሥራው እንከን የለውም አልልም። ከአበጀ በቀር አመጸኞቹ በአመዛኙ በጅምላ ይታዩናል፤ የአንዱ ጎተራ እንዴት እንደጎደለ፣ ሚስቱም ስለ ዘመቻው ምን እንዳለች ቀርበን ብናይ ኖሮ የግጭቱ መንስኤ ይበልጥ ሥጋ በለበሰ ነበር። ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን በቃል ይነቅፋል፣ አበጀ በጠመንጃ ይገጥመዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ተራ ገበሬ ግን ድምፁ አነስተኛ ነው።

ይህም ሆኖ ልቦለዱ አንድ ነገር ያስተምረናል። የእርስ በርስ ግጭትን ሁሉ «የድህነት ውጤት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው አባባል ግን ተጠያቂ የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያነሣሉ፦ ልኩን ያለፈው ማን ነው? ለማንስ ክብር ሲል?