የጠፋ ድራማ ሲመለስ ጆሮ ምን ይፈልግ?

አሮጌ የወንጀል ምርመራ ድራማ እንደገና ተሠርቶ በሬዲዮ ሲቀርብ ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቀው ግድያውን ሳይሆን መሐላውን ነው። ፖል ቴምፕል፣ የእንግሊዞቹ ደራሲም መርማሪም፣ አንድ ነገር ሲገርመው በጢሞቴዎስ ስም ይምላል፤ የእኛ ሽማግሌ «ጊዮርጊስን!» እንደሚለው መሆኑ ነው። የዚያን ዘመን አድማጭ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። የዛሬ ተዋናይ ግን እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ፈገግ ካለ አበቃለት። ፈገግታ በሬዲዮ ይሰማል። «እኔ የለሁበትም፣ የድሮ ሰዎች እንዲህ ይሉ ነበር» ብሎ እንደ መጥቀስ ነው። እሱ ያላመነበትን አደጋ እኛ ለምን ብለን እንፈራለታለን?

ቴምፕልን የፈጠረው ፍራንሲስ ደርብሪጅ ሲሆን፣ በቢቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከቀደምት ተከታታዮቹ የብዙዎቹ ቅጂ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ ቀረ። ከ2006 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት አዘጋጁ ፓትሪክ ሬይነር ከጠፉት አምስቱን ከነባሩ ጽሑፍ ተነሥቶ፣ የያኔውን ዘመን ዓይነት ማይክሮፎንና የድምፅ ግብዓት ተጠቅሞ እንደገና ሠራቸው። የመጀመሪያው በ1947 ተሰምቶ የነበረው የሱሊቫን ምስጢር ነው። ክሮፎርድ ሎጋን ቴምፕልን፣ ገርዳ ስቲቨንሰን ሚስቱን ስቲቭን ሆነው ተጫወቱ። ሎጋን ያቺን መሐላ ሲምል ስሙት፤ ኮቱን እንደሚያወልቅ ሰው ሳያስብባት ነው የሚያልፋት።

እኛም ይህን የምንለካበት ጆሮ አለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት የሚያናግራቸው እሱ ብቻውን ነበር። የሚያስቀው ገጸ ባሕርይ ሲናገር ሳቁን ለአድማጭ ትቶ እሱ አይስቅም። ይህ ልክ ባሕር ማዶም ይሠራል።

አሮጌ ማይክሮፎን ለጌጥ ከሆነ ግን ሙዚየም ይቀመጥ። የድሮው ሪባን ማይክሮፎን ከፊቱና ከኋላው ይሰማል፤ በሁለቱ ጎኖቹ ደንቆሮ ነው። ተዋንያኑ መሐል አድርገውት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከክፍሉ የሚወጣው ገጸ ባሕርይ እየተናገረ ወደ ደንቆሮው ጎን ፈቀቅ ፈቀቅ ሲል ድምፁ ይሳሳል። ዛሬ ያንኑ በኮምፒውተር ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለመምሰል ይሞከራል፤ ጆሮ ግን አይታለልም። ዝቅ የተደረገ ድምፅ አሁንም ጆሯችን ሥር ነው፣ ሹክ ይላል እንጂ አልራቀም። የራቀ ሰው ክፍሉን ይዞ ይርቃል። ዓይናችሁን ጨፍኑና ማን እንደተቀመጠ፣ ማን መስኮቱ ዘንድ እንደቆመ ለማወቅ ሞክሩ። ሁሉም አንድ ወንበር ላይ የተደራረቡ ከመሰላችሁ አዘጋጁ ያነበበው ጽሑፉን ነው፣ ክፍሉን አላየውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያናድደኝ የግብዓት ብዛት ነው። ዝምታ የሚፈራ አዘጋጅ ብርጭቆ ያንኳኳል፣ ዝናብ ያዘንባል፣ ውሻ ያስጮኻል። በምርመራ ድራማ ውስጥ የሚሰማ ነገር ሁሉ ማስረጃ ነው፤ አድማጭ ሳይታወቀው ይመዘግበዋል። ያለ ምክንያት የገባች ሳል የሐሰት ምስክር ናት፤ ሦስት ክፍል ሙሉ የሳለውን ሰው ስንጠረጥር እንከርማለን። አሜሪካዊው ሂማን ብራውን ይህን ያውቅ ነበር። በ1941 በጀመረው «ኢነር ሳንክተም» መግቢያ ላይ ያሰማው የበር ሲጥታ ነበር። በ1974 የሬዲዮ ድራማ ሞቷል በተባለበት ሰዓት በሲቢኤስ አዲስ ተከታታይ ሲጀምር ያንኑ የበር ሲጥታ ይዞ ተመለሰ። በር ብቻ! ነጎድጓድ አልጨመረበትም።

ጽሑፉን «ማደስ» የሚሉትንም እጠረጥራለሁ። ስቲቭ ጋዜጠኛ ነበረች፣ ስሙም የብዕር ስሟ ነው፤ ሆኖም ባልዋ ደጋግሞ «አንቺ ቤት ቆዪ» ይላታል። አዳሹ ይህን ሰርዞ ንግግር ይጽፍላታል። ጎበዝ ተዋናይት ግን ንግግር አትፈልግም። «እሺ» ከማለቷ በፊት ትንሽ ከዘገየች እንደማትቀር እናውቃለን።

ሙዚቃን በተመለከተ፣ በትዕይንቶች መካከል ይግባ፣ ወሬ ሥር አይንፏቀቅ። ከ1947 መጨረሻ ጀምሮ የቴምፕል መለያ የሆነው የቪቪያን ኤሊስ ቅንብር የባቡር ጎማ ምት አለው፤ ሲጀምር ተሳፍረናል ማለት ነው።

ስለዚህ የክፍሉን መጨረሻ ሰዓት ይዤ እሰማለሁ። ደርብሪጅ እያንዳንዱን ክፍል ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚያቆመው፤ በሩ ይከፈታል፣ አንድ ስም ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ እኛ «ያ ሰውዬ!» እስክንል የምትሆን አንዲት ትንፋሽ ታስፈልጋለች። ከዚያ ባቡሩ ይነሣ። ሙዚቃው ትንፋሿን ከቀደማት እኔ ያን ሳምንት ቀጣዩን ክፍል አልጠብቅም።